ከጓዳ የሚወጣው የተራራ ስንቅ፦ በሶ፣ ቆሎና ጭኮ ለእግር ተጓዦች

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ጫፍ የሚገኘው የኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ከመዲናዋ ወደ ተራራና ወደ ጫካ ለመውጣት ምቹ ከሆኑ መነሻዎች አንዱ ነው። በአስኮ በኩል የሚያልፈው የአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩና ወደ ገፈርሳ፣ በአየር ጤና በኩል ያለው የጅማ መንገድ ደግሞ ወደ ዓለም ገናና ወደ ሰበታ ያደርሳል። በሁለቱ መንገዶች መካከል ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ 300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው የወጨጫ ተራራ ይገኛል። ተዳፋቱን የሸፈነው የመናገሻ ሱባ ጫካ ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ሲጠበቅ የኖረ መሆኑ በታሪክ ይነገርለታል።

የእግር ጉዞ በከተማዋ ነዋሪዎች ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ከተሽከርካሪ ነፃ የሆነ ቀን በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መከበር ሲጀምር ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻቸው ጋር አደባባይ ወጥተው ነበር። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ለሕዝብ ክፍት መሆኑም ልማዱን ወደ ተራራው ከፍ አድርጎታል። በአስፋልት ላይ በመራመድ የጀመሩ ሰዎች ዛሬ የአራትና የአምስት ሰዓት ዳገት የሚጠይቁ ጉዞዎችን በቡድን ያዘጋጃሉ።

ሆኖም ለጉዞው በሚያዘው ቦርሳ ውስጥ ያለው ምግብ ከጉዞው ዓላማ ጋር ሲጋጭ ይስተዋላል። ጤናቸውን ለመጠበቅ ማልደው የተነሱ ሰዎች ከሱቅ የሚገዙት በአብዛኛው ብስኩት፣ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ነው። በአንድ የ330 ሚሊ ሊትር ጣሳ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚወስደው የተጨመረ ስኳር ከዕለታዊ የኃይል ፍላጎቱ 10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል። 5 በመቶ ማለት 25 ግራም ገደማ በመሆኑ አንድ ጣሳ ለስላሳ ብቻውን ከዚህ በላይ ነው።

ጉዳዩ ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ ለሚያሳልፈው ሠራተኛ የበለጠ ትኩረት የሚሻ ነው። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የጤና ዳሰሳ ከ100 አዋቂዎች መካከል 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ የተገኘ ሲሆን፣ በከተሞች የስኳር ሕመምም የብዙ ቤተሰቦች ጭንቀት ሆኗል። በዳገት ላይ ለሁለት ሰዓት የተቃጠለውን ኃይል በሁለት ጠርሙስ ለስላሳ መልሶ መተካት የጉዞውን ጥቅም በእጅጉ ይቀንሰዋል። የሚያስገርመው ግን መፍትሔው ከውጭ የሚመጣ አለመሆኑ ነው። አገሪቱ ለመንገደኛ የሚሆን ምግብ በማዘጋጀት ረገድ የዳበረ ልምድ ያላት ሲሆን፣ ልምዱም አብዛኛውን ጊዜ በእያንዳንዱ ቤት ጓዳ ውስጥ ይገኛል።

ለዚህ ልምድ በጽሑፍ ከቀሩት ማስረጃዎች አንዱ የስኮትላንዳዊው መንገደኛ የጄምስ ብሩስ መጽሐፍ ነው። ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ጎንደር የቆየ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ ታሪኩ የኦሮሞ ዘማቾች ረዥም መንገድ ሲሄዱ ተቆልቶ የተወቀጠ ቡና በቅቤ ለውሰው፣ በኳስ ቅርጽ አድቦልቡለው በቆዳ ከረጢት እንደሚይዙ ጽፏል። አንዷ ድቡልቡል ለአንድ ቀን ድካም እንደምትበቃና ከዳቦም ከሥጋም የተሻለች ተደርጋ እንደምትቆጠርም አክሎ ገልጿል። ዛሬ በዓለም ገበያ በወረቀት ተጠቅልለው የሚሸጡት ኃይል ሰጪ ምግቦች በስፋት መታወቅ የጀመሩት ካናዳዊው የማራቶን ሯጭ ብራያን ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ፓወር ባር የተባለውን ምርት ካቀረበ ወዲህ ነው። በሁለቱ መካከል ወደ 200 ዓመት የሚጠጋ ልዩነት አለ።

የስንቅ ጉዳይ በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ከመክሰስ ያለፈ ቦታ አለው። በ1888 ዓ.ም. ከመሐል አገር ወደ አድዋ የተመመው ሠራዊት በአብዛኛው የሚመገበው ከየቤቱ ቋጥሮ የወጣውን ስንቅ ነበር። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ጭብጦ ያዘጋጁት እናቶችና እኅቶች ሲሆኑ፣ ከሠራዊቱ ጋር አብረው የተጓዙ ሴቶችም በየሰፈሩ ይፈጩና ይጋግሩ ነበር። ጦርነቱ በየካቲት 23 ሲካሄድ የሁለቱም ወገን ስንቅ ወደ መመናመኑ ተቃርቦ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማሙበታል። በረሃብ መመለስ ወይም ባልተመቸ ሁኔታ መዋጋት የሚል ምርጫ በሁለቱም ሰፈር ተደቅኖ ነበር ማለት ነው።

ወደ ኮልፌ ስንመለስ አካባቢው የራሱ የሆነ የእግር ጉዞ ታሪክ አለው። ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት በኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ማሠልጠኛ ነው። ስድስት ወር ይወስዳል ተብሎ የታሰበው ሥልጠና ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ጥሪ ስለደረሳቸው ከስምንት ሳምንት በኋላ ተቋርጧል። ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመው ግለ ታሪካቸው እንደሚያስታውሱት፣ ጠመንጃ፣ ጥይትና ጥቂት ውኃ ብቻ ይዘው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ረዥም ርቀት እንዲሸፍኑ የሚያደርግ የአድካሚ ጉዞ ልምምድ ነበራቸው። በእነዚህ ጉዞዎች የአካባቢውን ጥቅጥቅ ያለ ደንና ደጋማ ምድር ውበት እንዳዩም ጽፈዋል። ውኃ ብቻ ይዞ መጓዝ ለወታደር የጽናት መፈተኛ ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ ወደ ወጨጫ ለሚወጣ የሂሳብ ሠራተኛ ግን አይመከርም።

ምክንያቱን ለመረዳት ሰውነት በጉዞ ላይ ምን እንደሚያቃጥል ማወቅ ይጠቅማል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ቀላል ቦርሳ ይዞ ዳገት ሲወጣ በአንድ ሰዓት ከ400 እስከ 500 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል። ጡንቻና ጉበት ግላይኮጅን በሚባል መልክ የሚያከማቹት ካርቦሃይድሬት 400 ወይም 500 ግራም ገደማ ስለሆነ ለጥቂት ሰዓታት ያገለግላል። ክምችቱ ሲመናመን እግር ይከብዳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሐሳብ ይበታተናል። አብዛኛው የመሰበርና የመውደቅ አደጋም በቁልቁለት፣ ተጓዡ በደከመበት ሰዓት የሚደርስ በመሆኑ ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ስለዚህ ከአንድ ሰዓት በላይ በሚወስድ ጉዞ በየሰዓቱ ቢያንስ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ ይመከራል። ይህም 40 ግራም በሶ፣ ማለትም ወደ አራት የሾርባ ማንኪያ የሚጠጋ ዱቄት ውስጥ የሚገኝ መጠን ነው።

በሶ ለዚህ ተግባር ተመራጭ የሚያደርጉት ባሕርያት አሉት። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ የአሰር ዓይነት በብዛት የያዘ ሲሆን፣ ይህ አሰር በአንጀት ውስጥ እየረጋ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል። በመሆኑም ኃይሉ እንደ ከረሜላ በአንዴ ወጥቶ በአንዴ አይወርድም። ሌላው ጠቀሜታ ዱቄቱ አስቀድሞ በመቆላቱ ምክንያት እሳት ሳይነድ ሊበላ መቻሉ ነው። ቲቤታውያን በሂማልያ ተራሮች ላይ ጻምፓ የሚሉትን የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤና በሻይ ለውሰው መብላታቸው የደጋ ሕዝቦች ሳይነጋገሩ ወደ አንድ መፍትሔ እንደደረሱ ያሳያል።

በሶ ለማዘጋጀት ገብሱ በመጀመሪያ ይለቀማል። ከዚያም በጥቂቱ በውኃ ረጠብ ተደርጎ በሙቀጫ ይሸከሸካል፣ ገለባው ከተለየ በኋላ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ቀጥሎ በመካከለኛ እሳት፣ ሳይቋረጥ እየተማሰለ ይቆላል። ቀለሙ ወደ ወርቃማ ቡናማ ሲለወጥና ፍሬው በጥርስ ሲሰበር ጥርቅ የሚል ድምፅ ሲሰጥ ይወርዳል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያረረ ገብስ በሶውን መራራ የሚያደርገው ሲሆን፣ በቂ ሳይበስል የወረደው ደግሞ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሆድም ይነፋል። የቀዘቀዘው ገብስ ወደ ወፍጮ ቤት ሲወሰድ ከእርሱ አስቀድሞ ምን እንደተፈጨ መጠየቅ ተገቢ ነው። በርበሬ ከተፈጨበት ወፍጮ ቀጥሎ የሚፈጭ በሶ ምን እንደሚመስል የቀመሰው ያውቀዋል።

ከበሶ የሚዘጋጀው የመጀመሪያው የጉዞ ምግብ ጭብጦ ነው። የተነፋ በሶ በጥቂት ጨውና ሚጥሚጣ ይለወስና ለብ ያለ ውኃ ከትንሽ ዘይት ወይም ከንጥር ቅቤ ጋር እየተጨመረ ይታሻል፤ በእጅ መዳፍም እየተጨበጠ ይቀረጻል። ጭብጦ ለሆድ ቀላል፣ ለመንገድም ምቹ ነው። ሆኖም ውኃ ስለሚገባበት ዕድሜው አጭር ነው። ጠዋት የተጨበጠውን በዚያው ቀን መጨረስ ይገባል፣ ያደረውን ማሳደር ግን አይመከርም።

ከአንድ ቀን በላይ የሚቆይ ስንቅ ለሚፈልግ ጭኮ ይሻላል። በአርሲና በባሌ በስፋት የሚታወቀው ይህ ምግብ የገብስ በሶ በቅመም በተነጠረ ቅቤ ብቻ ተለውሶ የሚዘጋጅ ነው። ሳይበላሽ የሚቆይበት ምስጢርም ውኃ የሌለበት መሆኑ ነው። ሻጋታና ባክቴሪያ ለመራባት እርጥበት የሚሹ በመሆናቸው በሚገባ በተነጠረ ቅቤና በደረቅ ዱቄት ውስጥ መኖር ይከብዳቸዋል። ቅቤው ሲነጠር አረፋው ተገፎ፣ ከሥር ያለው ዝቃጭ ተጠልሎ መቅረት ያለበትም ለዚሁ ነው። ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ከተጨመረበት መዓዛው ይጨምራል።

ለልኬት ያህል 200 ግራም በሶን በ100 ግራም ንጥር ቅቤ በመለወስ 20 ግራም የሚመዝኑ 15 ድቡልቡሎች ማግኘት ይቻላል። እያንዳንዱ ከ100 ኪሎ ካሎሪ ጥቂት ከፍ ያለ ኃይል ይሰጣል። ቅቤው ቀልጦ ለብ ባለ ጊዜ በሶው ላይ በጥቂት በጥቂቱ እየፈሰሰ ይታሻል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። በሞቃት ቀን ቦርሳ ውስጥ ሊለሰልስ ስለሚችል ክዳን ባለው ዕቃ መያዙ ይመረጣል።

ይሁን እንጂ ባህላዊ የሆነ ሁሉ ያለ ልክ ይበላል ማለት አይደለም። በአንድ ድቡልቡል ጭኮ ውስጥ ከሚገኘው ወደ 7 ግራም የሚጠጋ ስብ ውስጥ 4 ግራም ያህሉ የደም ቅባትን ከፍ የሚያደርገው ዓይነት ነው። የዚህ ዓይነቱ ስብ የቀን ጣሪያ 2 ሺህ ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 22 ግራም ገደማ በመሆኑ አራትና አምስት ድቡልቡል የቀኑን ድርሻ ለመጨረስ ይቃረባል። ለአምስት ሰዓት ዳገት ይህ ተመጣጣኝ ሊሆን ይችላል። በቢሮ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ከሻይ ጋር መቆርጠም ግን የተለየ ጉዳይ ነው። የደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለባቸው ቅቤውን ትተው ከቅባት እህሎች የሚዘጋጀውን ቢመርጡ ይሻላቸዋል።

ይህኛው ዓይነት በጾም ወራትም ያገለግላል። 150 ግራም ተቆልቶ የተፈጨ ለውዝ፣ 100 ግራም ፍሬው የወጣለት ቴምር፣ 100 ግራም በሶ፣ 50 ግራም የታመሰ ሰሊጥና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር ያስፈልጋል። ቴምሩ በቢላ ደቆ ወይም በሙቀጫ ተወቅጦ ከለውዙ ጋር ይታሻል፣ ማሩና በሶው ይጨመራል፣ በመጨረሻ በእጅ ተድቦልቡሎ በሰሊጡ ላይ ይንከባለላል። ድብልቁ ከተፈረካከሰ ተጨማሪ ማር ከማፍሰስ ይልቅ አንድ ሁለት ቴምር መጨመር የተሻለ ነው። ከዚህ መጠን 25 ግራም የሚመዝኑ 17 ያህል ድቡልቡሎች የሚወጡ ሲሆን፣ አንዱ 110 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ጣፋጭነቱ በአብዛኛው ከፍራፍሬው ስለሚመጣ አሰርና ማዕድናት አብረው ይገኛሉ። ቴምር በረመዳን ወቅት በኮልፌና በመርካቶ ገበያዎች በስፋት ስለሚቀርብ በዚያን ጊዜ ገዝቶ በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል።

በዚህ ዝግጅት ውስጥ በጥብቅ ሊታሰብበት የሚገባው ለውዙ ነው። በአገሪቱ ገበያ የሚቀርበው ለውዝ ጉልህ ድርሻ የሚመረተው በምሥራቅ ሐረርጌ፣ በተለይም በባቢሌና በአካባቢው ነው። ለውዝ በምርትና በክምችት ወቅት እርጥበት ካገኘው አስፐርጊለስ የተባለ ሻጋታ ይይዘዋል፣ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አፍላቶክሲንን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡ ነገሮች መድቦታል፤ በዋናነት የሚያጠቃውም ጉበትን ነው። ከምሥራቅ ኢትዮጵያ በተሰበሰቡ የለውዝ ናሙናዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከግማሽ በሚበልጡት ናሙናዎች ውስጥ መርዙን አግኝቷል።

አሳሳቢ የሚያደርገው መርዙ በዓይን የማይታይ፣ በመቁላትም ሙሉ በሙሉ የማይጠፋ መሆኑ ነው። እሳቱ ሻጋታውን ይገድለዋል፣ መርዙ ግን በከፊል ይቀራል። በቤት ውስጥ ሊወሰድ የሚችለው ዋነኛ እርምጃ ለቀማ ነው። የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ብናኝ የያዘ፣ ቆዳው የተሰነጠቀና ሲቀመስ የሚመር ፍሬ መጣል አለበት። መርዙ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ፍሬዎች ላይ ተከማችቶ ስለሚገኝ በጥንቃቄ የተለቀመ ለውዝ ካልተለቀመው እጅግ የተሻለ ነው። ተፈጭቶ የተዘጋጀ ለውዝ ከመግዛት ይልቅ ፍሬውን ገዝቶ፣ ለቅሞና ቆልቶ ማስፈጨት የሚመከረውም ለዚህ ነው፤ ከተፈጨ በኋላ መጥፎውን ከጥሩው መለየት አይቻልምና። የተለቀመውን መጥፎ ፍሬ ለዶሮ ወይም ለላም መስጠትም ተገቢ አይደለም። መርዙ በላሟ ወተት በኩል ተመልሶ ወደ ቤተሰቡ ይመጣል።

ቆሎ ከሁሉም ቀላሉና በሁሉም ዘንድ የሚታወቀው ስንቅ ነው። የአብነት ተማሪዎች ከቤተሰብ ርቀው ሲማሩ በዚሁ ምግብ ስም የቆሎ ተማሪ መባላቸው ብቻውን ብዙ ይናገራል። ለጉዞ የሚሆን ጥሩ ድብልቅ ሁለት እጅ ሰነፍ ገብስ፣ አንድ እጅ ሽምብራና አንድ እጅ ለውዝ፣ ከተገኘም ጥቂት ሱፍ ያለበት ነው። ገብሱ ኃይል፣ ሽምብራው ፕሮቲን፣ ለውዙና ሱፉ ደግሞ ቅባት ይሰጣሉ። ከዚህ ድብልቅ 50 ግራም፣ ማለትም ሁለት ጭብጥ ገደማ፣ 200 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ጨው ሲበዛ ጥም ስለሚያስከትል በስሱ ይሁን። ቆሎ ዳገት እየወጡ የሚበላ አይደለም፤ በሚያለከልክ ሰው ጉሮሮ ደረቅ ፍሬ ሊገባ ይችላል። ተቀምጦ፣ ትንፋሽን ሰብስቦ መቆርጠም ይገባል። ለትናንሽ ልጆችም በዚሁ ምክንያት አይሰጥም።

ዳቦ ቆሎ ሲዘጋጅ በዘይት ከሚጠበሰው ይልቅ በምጣድ ላይ የሚቆላው ለብዙ ቀን ይቆያል፣ ቅባቱም አነስተኛ ነው።

የስኳር ሕመም ያለባቸው ተጓዦች ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ እንክብሎችን የሚወስዱ ሰዎች በረዥም ዳገት ላይ የደም ስኳራቸው በድንገት ሊወርድ ይችላል። ምልክቶቹ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መነጫነጭና ግራ መጋባት ናቸው። ባልደረቦቹ ተራ ድካም መስሏቸው ዕረፍት ሲሰጡት ሕመምተኛው ራሱን ሊስት ይችላል። በዚህ ጊዜ ጭኮም ለውዝም አይረዱም። ስብ ምግቡ ከጨጓራ የሚወጣበትን ፍጥነት ስለሚያዘገየው እርዳታው ሳይደርስ ጊዜ ያልፋል። የሚያስፈልገው 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር፣ ይኸውም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለውጥ ከሌለ ይደገማል፣ ሲሻለው ደግሞ ስኳሩ እንደገና እንዳይወርድ በሶ ወይም ዳቦ ይበላል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም ነገር አይሰጥም፤ ወደ ሕክምና ማድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ የቡድን ጉዞ የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች ከመነሳታቸው በፊት እንዲህ ዓይነት መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንዳለ በጨዋነት መጠየቅ፣ ያም ሰው ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ መመካከር ይኖርበታል። እንግዲህ ለስላሳ መጠጥ በቦርሳ ውስጥ ተገቢ ቦታ ካለው ይኸው ነው።

ስንቅ ያለ ውኃ ሙሉ አይሆንም። በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ መነሻ ተደርጎ ሊያዝ ይችላል፤ ፀሐይ ሲበረታ ይጨምራል። በሶን በውኃ በጥብጦ በጥቂት ማርና በትንሽ ጨው መጠጣት ውኃ፣ ኃይልና በላብ የወጣውን ጨው በአንድ ጊዜ ይተካል። ለመበጥበጫ የሚሆነው ውኃ ግን ከቤት የመጣ ወይም የፈላ መሆን አለበት። የጫካ ምንጭ ጥርት ብሎ ቢታይም ከብት ከበላዩ ይሰማራል። በከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት እንደሚቀንስ፣ በብርድም ጥም እንደማይሰማ ማስታወስ ይጠቅማል፤ ሳይርቡና ሳይጠሙ በየሰዓቱ በጥቂቱ መቅመስ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ግብይትን በተመለከተ ቅቤና ማር ከባዕድ ነገር ጋር ተቀላቅለው የሚሸጡበት አጋጣሚ በየጊዜው በዜና የሚሰማ በመሆኑ ከሚታወቅ ደንበኛ መግዛት የተሻለ ዋስትና ይሰጣል። ጊዜ ለሌለው ሠራተኛ በኮልፌ አጣና ተራ፣ በሦስት ቁጥር ማዞሪያና በአየር ጤና አካባቢ ቆሎና በሶ አዘጋጅተው የሚሸጡ እናቶች አሉ። በላስቲክ ታሽጎ ፀሐይ ላይ ከዋለው ይልቅ በዕለቱ የተቆላውን መጠየቅ የገዢው ድርሻ ነው።

በሙሉ ቀን ጉዞ ከመነሳት ሁለት ሰዓት በፊት ቁርስ ከተበላ የመጀመሪያው ጭብጦ ከአንድ ሰዓት መንገድ በኋላ፣ ሁለተኛው በዳገቱ አጋማሽ፣ ቆሎው ጫፍ ላይ በዕረፍት፣ ጭኮው ወይም የለውዙ ድቡልቡል ደግሞ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቢበላ ኃይሉ እስከ መኪናው ድረስ ይዘልቃል። ስንቁ በጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ባለው ዕቃ ከተያዘ ጫካ ውስጥ የሚጣል ላስቲክ አይኖርም፤ የጨርቁ ከረጢት ቆሎውን እንዳያለሰልሰው ግን ከውኃው ጠርሙስ ተለይቶ በቦርሳው ላይኛው ኪስ ይቀመጣል።